«ሚኒሞ አልይዝ አለችኝ!» ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቀይ መብራት ላይ ቆማችኋል እንበል። ከጎናችሁ ሰው ተቀምጧል፤ ምናልባትም ልታስደምሙት የምትፈልጉት ሰው። መኪናችሁ ግን ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጣለች። መሪው ይርገበገባል፣ ዳሽቦርዱ ይንኳኳል፣ በመስታወቱ ውስጥ ከኋላ ያለው ታክሲ ሁለት ሆኖ ይታያል። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ካነሳችሁ ትጠፋለች። ስለዚህ አንዱን እግር ለፍሪሲዮን፣ ሌላውን ለፍሬንና ለነዳጅ አካፍላችሁ እንደ ኦርጋን ተጫዋች ትጨነቃላችሁ። አረንጓዴው ሲበራ ጥፍት! ከኋላ ጡሩምባ፣ ከጎን ሳቅ፣ ከውስጥ ላብ።

አሮጌ መኪና የያዘ የከተማ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ደግሞም ብዙዎቻችን የያዝነው አሮጌ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ባትሪ ላይ የሚሰካውን አዲሱን መኪና መግዛት የቻለ ገዛ፤ ያልቻለ ያለችውን አስታሞ መኖር አለበት። እንግዲህ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ማስታመም ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አሮጌ መኪና በመያዝ ግን ብዙ ጋራዥ ደጅ ጠንቻለሁ፤ ያየሁትንና ከደጋግ መካኒኮች የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሚኒሞ ማን ነው?

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. አገራችንን ለቆ ሲወጣ ጋራዥ ውስጥ የረሳው ብዙ ቃል አለ። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ... «ሚኒሞ»ም ከነሱ አንዱ ነው። በቋንቋቸው «ትንሹ» ወይም «ዝቅተኛው» ማለት ነው። እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሳ ሞተሩ ሥራ ሳይሰጠው ነፍሱን ብቻ ይዞ የሚዞርበት ዝቅተኛው ዙር ማለት ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር መኪናዎች በደቂቃ ከ700 እስከ 850 ዙር ድረስ ይሆናል።

ታዲያ መኪናዋ አስፋልት ላይ ስትበር ደህና ሆና፣ ስትቆም ብቻ ለምን ትታመማለች? ምክንያቱ ቀላል ነው። በሚኒሞ ጊዜ የአየር ማስገቢያው በር ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። የሚገባው አየር ትንሽ፣ የሚገባው ቤንዚንም ትንሽ ነው። በተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ የሚገባ ጥቂት አየር ይህን ትንሽ ሒሳብ ያፋልሰዋል። ከባለጠጋ ካዝና መቶ ብር ቢሰረቅ አይታወቅም፤ ከተማሪ ኪስ መቶ ብር ከጠፋች ግን ምሳ ይቀራል። መኪናችሁ ስትሮጥ ባለጠጋ ናት፤ ስትቆም ደግሞ ተማሪ።

ስለዚህ ሚኒሞ አልይዝ ማለት ራሱ በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ምልክት ነው። እንደ ትኩሳት ማለት ነው። ትኩሳት ያለበትን ሰው በረዶ ላይ አስተኝቶ «ዳነ» የሚል ሐኪም አይታችኋል? በጋራዥ ዓለም ግን ይህ በየቀኑ ይሠራል። ኮፈኑ ይከፈታል፣ ካቻቪቴ ይወጣል፣ የሚኒሞ ብሎኑ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፣ ሞተሩ «ቩውውም» ይላል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ትኩሳቱ ጠፋ። በሽታው ግን እዚያው አለ፤ አሁን ደግሞ ቤንዚን እየበላ።

ይህ ነገር ቀልድ አይደለም

«ታዲያ ትንሽ ብትንቀጠቀጥ ምን አለበት? እኔ ለምጃታለሁ» የሚል አይጠፋም። አንድ ነገር ልንገራችሁ። የብዙ መኪና ፍሬን የሚለሰልሰው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው የመሳብ ኃይል ነው። ከፍሬኑ ፔዳል ፊት ለፊት፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ድስት የሚያህል ክብ ቆርቆሮ አለ፤ መካኒኮች ሰርቮ ይሉታል። ሞተር ሲጠፋ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ኃይል አንድ ሁለት ጊዜ ፍሬን ለመርገጥ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደነድናል። ፍሬኑ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን በሙሉ ጉልበት ካልረገጣችሁት አይዝም።

አሁን ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ እየወረዳችሁ ሞተሩ ጠፋባችሁ እንበል። ወይም ከፒያሳ ቸርችልን ይዛችሁ ወደ ለገሃር ስትወርዱ። ከፊታችሁ የሚሻገር ሕዝብ አለ። ያኔ «ለምጃታለሁ» የሚለው ቃል ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትንኩ፤ አንዴ ረግጣችሁ ያዙት፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፣ ማርሹን አታውጡ። ቁልፉንም አትንቀሉ፤ መሪው ይቆለፋል።

«ሞተሩ አልቋል» የተባለችው ልጅ

አንዲት ወዳጄ አለች። ስሟ ይቅር። ቢሮ የምትሠራ፣ ቁጥብ፣ በዕቁብ ብር ከእሷ ዕድሜ የምትበልጥ ኮሮላ ዲኤክስ የገዛች ልጅ ናት። መኪናዋ ስትቆም ትንቀጠቀጥባት ጀመር። የመጀመሪያው መካኒክ እንደ ልማዱ ብሎኑን አጠበቀላት። አንድ ሳምንት ደህና ሆነች። በሁለተኛው ሳምንት ቤንዚን ፈጀች፣ ማርሽ ስታስገባ ትንደረደራለች፣ መንቀጥቀጡም ተመለሰ።

ሁለተኛው መካኒክ መሣሪያ ያለው ነው፤ የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን ለካ። ሦስቱ 8 ተኩል፣ አንዱ 8 አካባቢ አሳዩ። ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ 11 የሚለውን ቁጥር አሳያትና ፍርዱን ሰጠ። «ሞተሩ አልቋል። ይውረድ፤ ፋሻ ይቀየር፣ ቴስታው ይሠራ።» የጠራው ሒሳብ መኪናዋን ከገዛችበት ዋጋ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረው። ልጅቷ ሁለት ምርጫ ያዘች፤ ወይ ተበድሮ ማሠራት፣ ወይ በቆርቆሮ ዋጋ መሸጥ። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሦስት ዓመት የጣለችው ዕቁብ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በጨዋታ መሐል «ፍሬኗም እኮ እንደ ድሮው አይደለም፤ ደንድኖብኛል» አለች። ለመካኒኮቹ ነግራቸው እንደሆነ ጠየቅኋት። ለሁለቱም ነግራቸዋለች። አንደኛው «እሱ ሌላ ነገር ነው» ብሎ አለፋት። ሁለተኛው ደግሞ «ባለቤትሽን ላኪውና እንነጋገራለን» አላት። ባለቤት የላትም። ቢኖራትም መኪናዋን የምትነዳው እሷ ናት።

ልብ በሉ። ሁለት ምልክቶች በአንድ ጊዜ መጡ፤ ሞተሩ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬኑ ደነደነ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ዕቃ አለ፤ ከሞተሩ ወደ ሰርቮው የሚሄደው ወፍራም የጎማ ቱቦ። ቅዳሜ ጠዋት ግቢዋ ውስጥ ኮፈኑን ከፈትን። ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጠጥ አደረግን። መንቀጥቀጡ ጸጥ አለ። ስንለቀው ተመለሰ። ስንፈታው፣ ከማሰሪያው ሥር፣ ከላይ በማይታይበት በኩል ጎማው ተሰንጥቆ አገኘነው። በልኩ አዲስ ቱቦ ተገዛ፣ ያለ ቦታው የተወጠረው የሚኒሞ ብሎን ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ሞተሩ ሳይወርድ ቀረ። ፍሬኑም ለሰለሰ።

እዚህ ላይ የውሃ ማጠጫ ጎማ ቆርጦ የሚያስገባ «ብልህ» አይጠፋም። አይሆንም! ሞተሩ ሲስብ ግድግዳው ይጣበቃል፤ ፍሬኑም ይቀራል። ለዚሁ የተሠራውን ግዙ። ቱቦው ላይ ያለችው አንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭም ተገልብጣ እንዳትገባ።

የአዲስ አበባ አየርና የመጽሐፉ ቁጥር

ታዲያ ያ 8 ተኩል ምንድን ነበር? እሱ እንኳ የሞተሩ ጥፋት አይደለም፤ የከተማችን ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ከመጀመሪያውም ስስ ከሆነ፣ ታምቆ የሚያሳየው ቁጥርም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ባሕር ዳርቻ 11 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 8 ተኩል አካባቢ ቢያሳይ ሊደንቀን አይገባም። ስለዚህ በኮምፕሬሽን ልኬት ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ማየት ያለባችሁ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸውን ነው። ሦስቱ 8 ተኩል ሆነው አንዱ 5 ከሆነ፣ አዎ፣ እዚያ ቤት ችግር አለ። አራቱም ከተቀራረቡ «ሞተር ይውረድ» የሚለውን ቃል አትቸኩሉለት።

ይኸው ስስ አየር ሌላም ጣጣ አለው። ካርቡራተር ለዝቅተኛ አገር ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ተራራ ላይ መውጣቱን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ለአራት ሰው የተለካ በርበሬ ለሦስት ሰው ወጥ እንደ መጨመር ነው። ውሁዱ ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሚኒሞውም ይንገዳገዳል። ወደ አዳማ ስትወርዱ መኪናችሁ ትንፋሿ መለስ የሚለው ለሽርሽሩ ደስ ብሏት አይደለም፤ 700 ሜትር ገደማ ስለወረደች ነው።

መጀመሪያ ጠባይዋን አጥኑ

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ቀን ታገሡና አስተውሉ። ወረቀት ላይ ብትጽፉት ይመረጣል።

ጠዋት ብርድ ላይ ብቻ ከሆነ የሚያስቸግራት፣ ቾኩ በሚገባ እየዘጋ ላይሆን ይችላል። ስትሞቅ ብሶ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ከመጣ፣ ቾኩ ሳይከፈት ቀርቷል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ተንሳፋፊ ከልኩ በላይ ያስገባል።

«ዱ-ዱ-ዱ-ጭ፣ ዱ-ዱ-ዱ-ጭ» እያለች እንደ አንካሳ ተመጣጥኖ የሚጎድላት ምት ካለ፣ አንድ ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው። ከካንዴላውና ከገመዱ ጀምሩ።

ዙሩ እየወጣ እየወረደ እንደ ማዕበል የሚያደርጋት ከሆነ፣ የአየር ሾላኪ ጠርጥሩ። ፍሬን ስትረግጡ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ፣ ሰርቮውን ወይም ቱቦውን ተመልከቱ። ነዳጅ ስትሰጧት ደህና ሆና እግራችሁን እንዳነሳችሁ ወዲያው ድርግም የምትል ከሆነ ደግሞ፣ የሚኒሞው ጠባብ የቤንዚን ቀዳዳ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ደንቡ ይህ ነው፦ ነፃ የሆነውን አስቀድሙ፣ ርካሹን አስከትሉ፣ ውዱን መጨረሻ አድርጉ። መጀመሪያ ግን ጥንቃቄ። ሞተር እያሠራችሁ ስትመረምሩ ሜዳ ላይ ይሁን። በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ጭሱ ሽታው ሳይከብድ ይገድላል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ክራባት፣ የተፈታ ረጅም ፀጉር ከማራገቢያውና ከቺንጋው አርቁ። ሲጋራ አይታሰብም።

አንደኛ፣ አየር። የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። በነፃ የሚታይ ነገር ነው። ከዚያ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ የሚሄዱትን ቱቦዎች ሁሉ አንድ በአንድ በእጃችሁ ዳብሱ። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የላላ ካለ እሱ ነው። ቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ወደ መገጣጠሚያዎቹ ጠጋ ብታደርጉ አየር የሚሾልክበት ቦታ «ሽሽሽ» ይላል። የሐኪም ማዳመጫ በሉት። ካርቡራተሩ ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን ለመፈተሽ የሳሙና ውሃ ረጨት አድርጉ፤ ውሃው ቀዳዳውን ለቅጽበት ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። አንዳንዱ ይህን በቤንዚን ይሠራዋል፤ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ቤንዚን መርጨት ግን መኪናውን ለእሳት መዳር ነው።

ሞተሩ ከሆዱ የሚያወጣውን ትነት መልሶ የሚያስገባ አውራ ጣት የምታህል ቫልቭም አለች፤ ብዙ ጊዜ ከቫልቮቹ መሸፈኛ ላይ ትሰካለች። ነቅላችሁ ነቅነቅ አድርጓት፤ «ቅጭል ቅጭል» ካላለች በጥቀርሻ ተጣብቃለች።

ሁለተኛ፣ እሳት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን ፍቱ፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ እንዳይምታታባችሁ። ካንዴላ የሞተር ምስክር ነው። ብስኩት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እርጥብና ዘይታም ከሆነ ሞተሩ ዘይት ያስገባል። ነጭ ከሆነ አየር በዝቷል፤ ሾላኪውን ፈልጉ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ጥቁር ከሆነ ችግሩ የዚያ ቤት ብቻ ነው፤ ካርቡራተሩን አትውቀሱ። በዚያ ዘመን ቶዮታዎች የካንዴላው ክፍተት ብዙውን ጊዜ 0.8 ሚሊሜትር ነው።

ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፍታችሁ ገመዶቹን ተመልከቱ። ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ሲዘል ካያችሁ ገመዱ ደክሟል። እጃችሁን ግን እንዳትሰዱ፤ ያ ብልጭታ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ነው፤ ያስፈነጥራል።

የቆየው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ገመዶቹ በሚነሱበት ዲስትሪቢዩተር ውስጥ እሳቱን የሚከፍትና የሚዘጋ ፑንቲና አለ። ሲበላ ክፍተቱ ይለወጣል፣ የእሳቱም ሰዓት አብሮ ይዛባል። በካርቡራተር ዘመን ኮሮላዎች 0.45 ሚሊሜትር፣ በቮልስ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ማድረግ ለአንድ ሰሞን ይሠራል፤ መቀየሩ ግን ይሻላል። ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ መጀመሪያ ፑንቲና፣ ቀጥሎ ታይሚንግ፣ ከዚያ በኋላ ካርቡራተር። ይህን ገልብጦ የሚሠራ መካኒክ ግድግዳ ሳይቆም ጣራ የሚሠራ አናጢ ነው።

ሦስተኛ፣ ቤንዚን። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ውሃም አሸዋም ይዞ ይመጣል። የቤንዚን ማጣሪያዋ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ከጠቆረች ቀይሯት። እግር ሲነሳ ድርግም ለሚለው በሽታ፣ ብዙ ካርቡራተሮች ላይ ሽቦ የገባባት ትንሽ ቫልቭ አለች። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ሽቦዋን ነቅላችሁ መልሳችሁ ንኩ። «ጠቅ» ካለች ሕይወት አላት። ዝም ካለች መብራት አይደርሳትም፣ ወይም ሞታለች። ጠቅ ብላም በሽታው ካለ፣ ካርቡራተሩ ተፈቶ ቀዳዳዎቹ በአየር ግፊት ይነፉ። በሽቦ መጎርጎር ክልክል ነው! ቀዳዳው በቀጭን ልክ የተበሳ ነው፤ ከሰፋ አይመለስም።

አራተኛና መጨረሻ፣ ጉልበት። እስካሁን ያለው ሁሉ ደህና ከሆነ ቫልቮቹ ይለኩ፣ ኮምፕሬሽኑ ይታይ። ውዱ ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ ነው መጨረሻ ያደረግነው።

ብሎኑ ተራው ሲደርስ

አሁን ካቻቪቴውን ማንሳት ይቻላል። ሞተሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይሙቅ፣ ቾኩ ይከፈት፣ የአየር ማጣሪያው በቦታው ይኑር፣ መብራትና ራዲዮ ይጥፉ። ሁለት ብሎኖች አሉ፤ አንዷ ዙሩን፣ ሌላዋ የቤንዚንና የአየሩን ውሁድ ታስተካክላለች። የዙሯን ብሎን ልኩ ላይ አድርጉ። ከዚያ የውሁዱን ብሎን በሩብ ዙር በሩብ ዙር እያንቀሳቀሳችሁ ሞተሩ ከፍና ለስለስ የሚልበትን ቦታ ፈልጉ። ሲያገኝ ዙሩ ከፍ ስለሚል በመጀመሪያዋ ብሎን መልሳችሁ ዝቅ አድርጉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ነገሩ እንደ ክራር ቅኝት ነው፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው ይለወጣል፣ በመጨረሻ ግን ይስማማሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የውሁዱን ብሎን እስከ መጨረሻ በኃይል አታጥብቁ፤ ጫፏ መርፌ ናት፣ ትበላሻለች። ከመጀመራችሁ በፊት ስንት ዙር ላይ እንደነበረች ጻፉ። ብሎኗን ብታዞሯትም ሞተሩ ምንም ካልተሰማው፣ በሽታው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው። ወደ ኋላ ተመለሱ።

ቪትዝ የያዛችሁስ?

«የኔ ካርቡራተር የለውም» የምትሉ አትሳቁ። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ባለ ኢንጀክሽን መኪናዎች በኮምፒዩተር ይታዘዛሉ እንጂ ከመንቀጥቀጥ አልዳኑም። የእናንተ የተለመደው ጣጣ የአየር በሩ አካባቢ የሚጋገረው ጥቀርሻና የሚኒሞውን አየር የምትመጥነው ቫልቭ መቆሸሽ ነው። ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ ማጽዳት ብዙዎቹን ይፈውሳል። የራዲያተር ውሃ ጎድሎም ዙሩ ሊዋዥቅ ይችላል፤ በአንዳንድ ቶዮታዎች ያቺ ቫልቭ ሙቀቱን የምታውቀው በዚያ ውሃ ነውና። ውሃውን ስታዩ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ፊት ያቃጥላል። የሞተር ምልክቷ መብራት ከበራች ደግሞ ከግምት በፊት በመሣሪያ ትነበብ። ቱቦና ካንዴላ ላይ ያወራነው ግን ለእናንተም ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ

መካኒኮችን እያማሁ አይደለም። ባዶ እጃቸውን፣ በጆሯቸው ብቻ፣ ፋብሪካ የማይሠራውን የሚሠሩ ብርቅ ሰዎች አሉን። ነገር ግን ጥሩ ሐኪም ታማሚውን ያዳምጣል። መኪና አትናገርም፤ የሚናገርላት የሚነዳት ሰው ነው። ስለዚህ ስትሄዱ «ሚኒሞ አልይዝ አለችኝ፣ አስተካክልልኝ» አትበሉ፤ ይህ ካቻቪቴ መጥራት ነው። «ስትሞቅ ይብስባታል፣ ፍሬን ስረግጥ ድምፅዋ ይለወጣል፣ ካንዴላው አንዱ ጥቁር ነው» በሉ። ምን እንዳገኘ፣ ለምን እንደሚቀይረው ጠይቁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እጃችሁ ተቀበሉ። ስሟ ከመኪና ዕቃ ጋር ተያይዞ የኖረው ሶማሌ ተራ ለመግዛት ከወረዳችሁም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቃል ይልቅ ዕቃው ራሱ ይመሰክራል።

በተለይ እህቶቼ፣ የምትናገሩትን ሳይሰማ «ወንድ ላኪ» የሚላችሁ ጋራዥ ካለ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። ምን እንደሆነ ባታውቁትም ምን እንደተሰማችሁ ታውቃላችሁ። የዚያችን ልጅ ዕቁብ ያዳነው የኔ ዕውቀት አልነበረም። «ፍሬኗ ደንድኖብኛል» ያለችው እሷው ናት፤ የጎደለው ሰሚ ብቻ ነበር።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ፣ ቁልቁለት ስትወርዱ ማርሽ አታውጡ።